ፓይተን ላይ በእጄ የገነባሁት ፒንግ «ሰላምታ»ን ይመልሳል፣ «ሰላም»ን አይመልስም

ለገሀር_ኔት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ለገሀር አካባቢ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የኔትወርኩን ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። ኔት በቆመ ቁጥር ሰዉ ሁሉ «የውጭ መስመሩ ነው» ይላል። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ ለራውተሩ፣ ለየፎቁ ስዊች እና ውጭ ላለ አንድ አድራሻ ፒንግ («አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት) እየላከ ማን እንደመለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ የሚመዘግብ ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው።

ሲስተሙ ላይ ያለውን የፒንግ ትዕዛዝ ከስክሪፕቱ ውስጥ መጥራት ይቻላል። ግን ሊኑክስ የሚያወጣው ጽሑፍ ሌላ፣ ዊንዶውስ የሚያወጣው ሌላ ነው። ያንን ጽሑፍ እየቆራረጡ ማንበብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ገመዱ ላይ ምን እንደሚሄድ በዓይኔ ማየት ፈልጌያለሁ። ስለዚህ ፓይተን ላይ ሮው ሶኬት (በእጅ የተገነባ ፓኬት የሚላክበት በር) ከፍቼ ፓኬቱን፣ ማለትም የሚላከውን የመረጃ ጥቅል፣ ባይት በባይት እየገነባሁ ነው።

የአይሲኤምፒ (ፒንግ የሚሄድበት ፕሮቶኮል) ሄደር፣ ማለትም የፓኬቱ ራስጌ፣ 8 ባይት ነው። አንድ ባይት ለዓይነት፣ እሱ 8 ነው። አንድ ባይት ለኮድ፣ እሱ 0 ነው። ከዚያ ሁለት ባይት ቼክሰም (ፓኬቱ መንገድ ላይ አለመበላሸቱ የሚፈተሽበት ድምር)፣ ሁለት ባይት መለያ ቁጥር፣ ሁለት ባይት ተራ ቁጥር። የማሽገው ቁጥሮችን ወደ ባይት በሚቀይረው የፓይተን ስትራክት ሞጁል ነው፤ ፎርማቱ ቃለ አጋኖ፣ ሁለት ትልቁ ቢ፣ ሦስት ትልቁ ኤች። ከሄደሩ ኋላ የፈለግኩትን ጽሑፍ እጭናለሁ።

ችግሩ ይኸውላችሁ። «ቡና» ብዬ ስጭን መልስ ይመጣል። «ሰላምታ» ብዬ ስጭንም ይመጣል። «ሰላም» ስል ግን ምንም የለም። ያው ማሽን፣ ያው ገመድ፣ ያው ኮድ። መደበኛው ፒንግ ደግሞ ሁሌም ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

ካዛንቺስ88

ብሮ በሱዱ ነው ያስነሳኸው? ሮው ሶኬት ያለ ሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ አይከፈትም። እሱ ካልሆነ ፋየርዎሉን አጥፍተህ ሞክር።

ለገሀር_ኔት

በሱዱ ነው። ያለ ሱዱማ ገና ሶኬቱን ስከፍት «አልተፈቀደም» ብሎ ይቆማል፣ ፓኬት እስከመላክ አይደርስም።

ቢት_በቢት

ፋየርዎሉን አትንካው። ፋየርዎል ቢሆን ኖሮ «ቡና»ንም አያሳልፍም ነበር። የቢሮ ፋየርዎል ፒንግ ውስጥ የተጻፈውን ቃል እያነበበ አይመርጥም።

ይልቅ አንድ ነገር አድርግልኝ። መለያ ቁጥሩንም ተራ ቁጥሩንም 1 አድርግና «ሰላም» የጫነውን ፓኬት ገንባ። አትላከው። ኮድህ ያወጣውን ቼክሰምና የፓኬቱን ርዝመት ብቻ ጻፍልን።

ለገሀር_ኔት

ርዝመቱ 17 ባይት። ቼክሰሙ 64225።

ቢት_በቢት

17 ጎዶሎ ቁጥር ነው። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። «ቡና» ሁለት ሆሄ ነው፣ 6 ባይት። «ሰላምታ» አራት ሆሄ፣ 12 ባይት። «ሰላም» ሦስት ሆሄ፣ 9 ባይት። 8ቱን የሄደር ባይት ስትጨምር 17 ይሆናል። እንደ «ሰላም» የሆሄው ቁጥር ጎዶሎ የሆነ ቃል ሁሉ እንዲሁ መልስ አይመጣለትም። «አዲስ» ብለህ ሞክር፣ አይመለስም።

ቼክሰም የሚሰላው ባይቶቹ ሁለት ሁለት እየተጣመሩ ነው። አንዱ ጥንድ አንድ ባለ 16 ቢት ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ ይደመራሉ። ከ16 ቢት ያለፈው ትርፍ ተመልሶ ከታች ይደመራል። መጨረሻ ላይ ውጤቱ ከ65535 ይቀነሳል። ያንተን ፓኬት በወረቀት ሠርቼዋለሁ፣ አብረን እንየው።

«ሰላም» በባይት ሲጻፍ ይህ ነው፦

225 136 176 225 136 139 225 136 157

ከየጥንዱ የመጀመሪያው ባይት በ256 ይባዛል፣ ሁለተኛው ይደመርበታል፦

ዓይነትና ኮድ፦ 8 × 256 + 0 = 2048
ቼክሰም፣ ለጊዜው፦ 0
መለያ፦ 1
ተራ፦ 1
225 እና 136፦ 57736
176 እና 225፦ 45281
136 እና 139፦ 34955
225 እና 136፦ 57736
157 ብቻውን ቀረ

ጣጣው ይሄ 157 ነው። ደንቡ «ከኋላው ዜሮ ባይት እንዳለ ቆጥረህ አጣምረው» ይላል። ስለዚህ 157 × 256 = 40192። አሁን ሁሉንም ስንደምር 237950 ይሆናል። በውስጡ 65536 ሦስት ጊዜ አለ፣ የሚተርፈው 41342 ነው። ሦስቷን ስንመልስበት 41345። 65535 − 41345 = 24190። ትክክለኛው ቼክሰም ይህ ነው።

አሁን ደግሞ 157ን ሳታባዛ ደምረው። ድምሩ 197915 ነው። ትርፉን ስትመልስ 1310። ከ65535 ስትቀንስ 64225። ያንተ ቁጥር መጣ።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ዜሮዋ ለስሌት ብቻ ናት። አትላክም። ገመዱ ላይ የሚወጣው ይሄው 17 ባይት ነው፦

8 0 94 126 0 1 0 1 225 136 176 225 136 139 225 136 157

94 እና 126 ማለት 94 × 256 + 126 ነው፣ 24190። ተቀባዩ ቼክሰሙን ጨምሮ ሁሉንም ሲደምር ልክ 65535 ካልመጣለት ፓኬቱን ይጥለዋል። አንተም ኮድህን በዚሁ መንገድ ፈትሸው። ከመላክህ በፊት ደምር፣ 65535 ካልሆነ አትላክ።

ለገሀር_ኔት

እጅሽ ይባረክ! «ሰላም» ተመለሰ። «አዲስ»ም ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ሊገባኝ አልቻለም። የተነሳሁበት የድሮ ስክሪፕት የመጨረሻዋን ባይት ሳያባዛ ነው የሚደምራት። እሱ ደግሞ ለብዙ ሰው ይሠራል፣ እኔም ሞክሬው በጎዶሎም ይመለሳል። ታዲያ የእሱ እንዴት ልክ ሆነ?

ጋሽ_ሞደም

እሱን እኔ ልመልስልህ ልጄ።

የድሮዎቹ ስክሪፕቶች የተቀዱት ከሲ ኮድ ነው። ሲው ጥንዱን የሚያነበው የኢንቴል ማሽን በሚያነብበት አኳኋን ነው፤ የመጀመሪያዋ ባይት እንዳለች፣ ሁለተኛዋ በ256 ተባዝታ። በዚህ አኳኋን መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቀረችው ባይት ከኋላዋ ዜሮ ቢጨመርላትም እሴቷ አይለወጥም። ስለዚህ ሳያባዛ መደመሩ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የውጤቱን ሁለት ባይት ያገላብጣል፣ አለቀ።

አንተ ጥንዶቹን ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል (የመጀመሪያዋ ባይት በ256 የምትባዛበት) ለወጥካቸው። ጅራቷን ግን እንደነበረች ተውካት። አንዱን መንገድ ከያዝክ እስከ መጨረሻው ያዘው።

ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ የሚያደርሰው የዚህ ድምር ጠባይ ነው። በየጥንዱ ያሉትን ባይቶች ብታገላብጣቸው የድምሩም ባይቶች ተገላብጠው ይመጣሉ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። ትርፉ ከላይ ወጥቶ ከታች ስለሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አርኤፍሲ 1071 (የኢንተርኔት አሠራር ከሚጻፍባቸው ሰነዶች አንዱ) ይህንኑ በምሳሌ ያሳያል። አጭር ጽሑፍ ነው፣ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። እኔ ለሥራ የሚቀጠሩ ልጆችን ሁሉ አስነብባቸዋለሁ።

አራት_ኪሎ_ተማሪ

ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ተቀባዩ ቼክሰሙ እንደተሳሳተ ካወቀ ለምን «ተሳስተሃል» ብሎ አይመልስም? አይሲኤምፒ ራሱ የስህተት መልእክት ማስተላለፊያ አይደለም እንዴ?

ቢት_በቢት

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ቼክሰሙ ካልገጠመ የትኛው ባይት እንደተበላሸ አይታወቅም። ዓይነቱ በእርግጥ 8 ነው ወይ? መለያ ቁጥሩ የማን ነው? አንዱንም ማመን አይቻልም። በማይታመን መረጃ ላይ መልስ መገንባት ደግሞ ሌላ ስህተት መጨመር ነው። ስለዚህ ይጣላል።

ሊኑክስ ግን ሲጥል ይቆጥራል። ተቀባዩ ማሽን ላይ ኤንስታት ብለሽ ብታስነሺ፣ አይሲኤምፒ ኢን ሲሰም ኤረርስ የሚባል ቆጣሪ አለ። የተበላሸ ፓኬት በደረሰ ቁጥር ከፍ ይላል። የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕንም ከትንሿ ቪ ጋር ብታስነሺው ፓኬቱ ጎን ቼክሰሙ ልክ እንዳልሆነና ትክክለኛው ስንት እንደነበር ይጽፍልሻል። ስክሪፕት የምትጽፉ ሰዎች ቲሲፒደምፕን በሌላ መስኮት ሳትከፍቱ አትሥሩ።

ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ መልስ አልመጣም ማለት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ፓኬቱ ደርሶ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ፋየርዎል ውጦት ሊሆን ይችላል። መልሱ ተልኮ ስክሪፕትህ መጠበቅ ካቆመ በኋላ ደርሶ ሊሆን ይችላል። መልሱ በሰዓቱ ደርሶ ኮድህ «የእኔ አይደለም» ብሎት ሊሆንም ይችላል። ፒንግን በእጅ መገንባት ጥቅሙ እነዚህን አንድ በአንድ መለየት መቻልህ ነው።

ለገሀር_ኔት

የመጨረሻው ነገር ላይ ነው አሁን ያለሁት። መልሱን ልክ እንደላክሁት በዚያው ፎርማት ስፈታው ዓይነቱ 69 ሆኖ ይመጣል። 69 የሚባል ዓይነት ፈልጌ አጣሁ። 0 መሆን ነበረበት አይደል?

ቢት_በቢት

አይሲኤምፒውን ሳይሆን የአይፒ ሄደሩን ነው የፈታኸው። ሊኑክስ ላይ ከሮው ሶኬት የሚነበበው የአይፒ ቨርዥን 4 ፓኬት ሄደሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ስትልክ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ይጨምርልሃል፣ ስትቀበል ግን አያነሳልህም።

69 ማለት 4 × 16 + 5 ነው። 4ቱ የአይፒው ቨርዥን ነው። 5ቱ የሄደሩ ርዝመት ነው፣ በአራት አራት ባይት ሲቆጠር። 5 × 4 = 20። 20 ባይት ዝለልና ከዚያ ፍታ። ግን 20ን በቁጥር ኮድህ ላይ አትቸክለው። አይፒ ሄደር ተጨማሪ አማራጮች ሲኖሩት ይረዝማል። የመጀመሪያዋን ባይት ታችኛ አራት ቢት ውሰድ፣ በ4 አባዛ፣ ያን ያህል ዝለል። እዚያው ሄደር ላይ ከዜሮ ስትቆጥር 8ኛዋ ባይት ቲቲኤል (ፓኬቱ ገና ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የምትቆጥር) ናት፤ እሷንም መዝግባት፣ ኋላ ትጠቅምሃለች።

ጋሽ_ሞደም

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ሮው ሶኬት የደብዳቤ ሳጥን አይደለም። ማሽኑ ላይ የገባ የአይሲኤምፒ መልእክት ኮፒው ለተከፈተው ሮው ሶኬት ሁሉ ይደርሳል። ሁለት ስክሪፕት ጎን ለጎን ካስነሳህ የአንዱን መልስ ሌላውም ያየዋል። መለያ ቁጥርና ተራ ቁጥር የተሠሩት ለዚህ ነው። ሁለቱንም አመሳክር፣ የላኪውንም አድራሻ ጨምር። መለያውን ከፕሮሰስ ቁጥር የምትወስድ ከሆነ 16 ቢቱን ብቻ ውሰድ፣ አለዚያ ስትራክት ይጮህብሃል። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብዙ ትሬድ ካለህ ደግሞ ሁሉም አንድ የፕሮሰስ ቁጥር ነው ያላቸው። ለእያንዳንዱ የተለየ መለያ ስጠው።

ሁለተኛ፣ 127.0.0.1 ላይ ስትሞክር መጀመሪያ የሚደርስህ ዓይነት 8 ነው። የራስህ ጥያቄ ነው ተመልሶ ዓይንህ ላይ የመጣው። መልሱ ከኋላው ነው። ዓይነቱን ሳያዩ መለያውን ብቻ የሚያመሳክሩ ስክሪፕቶች እዚህ ላይ «ተመለሰ» ብለው ይዋሻሉ።

ፒንግን የጻፈው ማይክ ሙስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983፣ በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ። ኔትወርኩ አስቸግሮት ነበር። ኮዱን ጻፈ፣ ኮዱ ኮምፓይል ሆነ፣ ግን አልሠራም፤ ለካ ከርነሉ ሮው አይሲኤምፒ ሶኬትን አያውቀውም። የከርነሉንም ድጋፍ በዚያው ሌሊት ጻፈና ፀሐይ ሳትወጣ አሠራው። ዛሬ በአንድ መስመር ፓይተን የምንከፍተው ሶኬት የዚያን ሌሊት ሥራ ተከትሎ የመጣ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሁሌም በክብር ነው የማስታውሰው።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ሥራ ሲገባ ሮው ሶኬትን አልመክርም። ቢሮ ውስጥ ቀን ከሌት በሩት የሚሮጥ ስክሪፕት አስቀምጦ መሄድ አደጋ ነው። ሊኑክስ ከ3.0 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ማለት ነው፣ ያለ ሩት የሚከፈት የፒንግ ሶኬት አለው። ሮው የሚለውን ዳታግራም በሚለው ቀይሩ፣ ፕሮቶኮሉን አይሲኤምፒ አድርጉ። ማን ሊከፍተው እንደሚችል የሚወሰነው ፒንግ ግሩፕ ሬንጅ በሚባል የከርነል ቅንብር ነው። ቼክሰሙንም መለያ ቁጥሩንም ከርነሉ ራሱ ይሞላዋል። የሌላ ስክሪፕት መልስም አይመጣባችሁም። ያ ሁሉ ድካም ለምን?

ቢት_በቢት

ለሥራ ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። መለያ ቁጥሩን ከርነሉ ስለሚቀይረው «1 ብዬ ልኬ 1 ካልመጣ የእኔ አይደለም» የሚል ኮድ መልሱን ሁሉ ይጥላል። በተራ ቁጥሩ ነው ማመሳከር። የአይፒ ሄደሩም ሊኑክስ ላይ አብሮ አይመጣም፣ ስለዚህ 20 ባይት የሚዘል ኮድ የማይዘለለውን ይዘላል። ማክ ላይ ደግሞ ሄደሩ ይመጣል። አንድ ስክሪፕት ሁለቱም ላይ እንዲሠራ የምትፈልጉ ይህን ፈትሹ።

ሌላው፣ መንገድ ላይ ካለ ራውተር የሚመጣ የስህተት መልእክት በፒንግ ሶኬት በተራው መንገድ አይነበብም። የስህተት ወረፋ የሚባል ለብቻው የሚከፈት ነገር አለው። ለገሀር_ኔት ውጪና ውስጥ መለየት ስለሚፈልግ እነዚያ መልእክቶች ያስፈልጉታል። ለእሱ ሮው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሜክሲኮ_አደባባይ

እሺ፣ ለእሱ ሥራ ይሁን። ግን በሩት አይሁን። አንድ ሰው ደግሞ ተነስቶ ለፓይተኑ ራሱ ካፕ ኔት ሮው የሚባለውን ፈቃድ ስጠው እንዳይለው። እሱን ካደረገ ማሽኑ ላይ ማንኛውም ሰው የሚያስነሳው ማንኛውም የፓይተን ስክሪፕት ሮው ፓኬት መላክ ይችላል። ስክሪፕቱን የሲስተምዲ ሰርቪስ (ሊኑክስ ራሱ አስነስቶ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) አድርገው፣ ተራ ተጠቃሚ መድብለት፣ ያቺን አንዲት ፈቃድ ብቻ ለሰርቪሱ ስጥ። ወይ ሶኬቱን በሩት ከፍተህ ወዲያው ወደ ተራ ተጠቃሚ ውረድ።

ለገሀር_ኔት

ሰርቪስ አድርጌዋለሁ። አመሰግናለሁ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ፐርል_ወዳጅ

ፐርል ላይ ለምትሠሩ፣ ኔት ፒንግ የሚባለው ሞጁል አብሮ ይመጣል። አይሲኤምፒ ብላችሁ ካልነገራችሁት ግን በሌላ ፕሮቶኮል ነው የሚሞክረው። «ፒንግ አደረግኩ» ብላችሁ ቲሲፒ እየፈተሻችሁ እንዳትውሉ። በእጅ ለመገንባት ፓክ የሚለው ትዕዛዝ ትልቁ ሲ ሁለቴ፣ ትንሹ ኤን ሦስቴ ነው። ትንሹ ኤን ሁልጊዜ የኔትወርክ ቅደም ተከተል ነው፣ ቃለ አጋኖ አያስፈልገውም።

አራት_ኪሎ_ተማሪ

ስካፒን የሞከረ አለ? እኔ ፓይተን ላይ በአንድ መስመር ፓኬት ሠራሁበት።

ቢት_በቢት

ስካፒ ለመማር በጣም ጥሩ ነው። በእጅሽ የገነባሽውን ባይት ስካፒ ከገነባው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪና አወዳድሪ። ልዩነት ካለ የት እንደሆነ ወዲያው ይታይሻል። በየሰከንዱ ለብዙ አድራሻ ለመላክ ግን ይከብዳል፣ ቀርፋፋ ነው።

ለገሀር_ኔት

ስክሪፕቱ ሥራ ጀምሯል፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስክሪፕቱ ያለበት ማሽን ምድር ቤት ካቢኔት ውስጥ ነው፣ ዩፒኤስ ላይ። ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥንም እዚያው ናቸው። ከሰዓት በኋላ 9፡40 ላይ መብራት ሄደ። ሎጉ ላይ ራውተሩ ይመልሳል። የውጭው አድራሻ ይመልሳል። የአንደኛና የሁለተኛ ፎቅ ስዊች ይመልሳሉ። የሦስተኛው ፎቅ ስዊች ዝም። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ስዊቹ ግን ቡት አድርጎ እስኪነሳ ዝምታው ቀጠለ። በዚህ መሀል ከሦስተኛ ፎቅ ስልክ እየተደወለልኝ ነው፤ «የውጭ መስመሩ ተቋረጠ» ይላሉ። ላፕቶፖቹ በባትሪ ስለሚሠሩ ለእነሱ የጠፋው ኔቱ ብቻ ነው።

ወጥቼ ሳየው ስዊቹ የተሰካው ተራ ዲቫይደር ላይ ነው፤ ከሻይ ማፍያው ጋር። ለስዊቹ ትንሽ ዩፒኤስ ተገዛለት። ሻይ ማፍያውም ሌላ ሶኬት ተሰጠው። ይህንን ለኃላፊዎች ያስረዳሁት በሎጉ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ማን እንደመለሰ ማን እንዳልመለሰ ተሰልፎ ሲታይ ክርክር አይኖርም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። መብራት ከመጣ በኋላ ሌላ ቦታ በሙከራ ያስነሳሁት ማሽን ላይ የመልሱ ጊዜ ከዜሮ በታች ሆኖ ተጽፏል። ሳይላክ የተመለሰ ይመስላል።

ጋሽ_ሞደም

ጊዜውን የምትለካው በተራው ሰዓት ነው ማለት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የደከመ ማሽን መብራት ሄዶ ሲመጣ በተሳሳተ ቀን ይነሳል። ከዚያ ከኢንተርኔት ሰዓቱን ሲያስተካክል ይዘላል። ፒንግህ መሀል ላይ ከዘለለ የማይሆን ቁጥር ይወጣል። ፓይተን ላይ ፐርፍ ካውንተር የሚባለውን ተጠቀም። እሱ ወደ ኋላ አይሄድም። ተራውን ሰዓት ለሎጉ ብቻ ተወው። ባትሪውንም ቀይረው፣ ርካሽ ነው።

ስለ ጊዜ ካነሳን፣ ቁጥሩን ዝም ብለህ አትመዝግበው፣ አንብበው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ሐዲድ ከአንተ ሰፈር፣ ከለገሀር፣ እስከ ጅቡቲ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ፋይበር በዚያ ርቀት ተዘርግቷል ብንል እንኳ ደርሶ መልስ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ራውተሮቹ ምንም ሳይዘገዩ። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ነው የተባለ አድራሻ በ2 ሚሊሰከንድ ከመለሰልህ ያ መልስ ከባሕር ማዶ አልመጣም። ቅርብ ያለ ማሽን ነው የመለሰው። ሕንፃው ውስጥ ያለ ስዊች ደግሞ ከወትሮው ዘሎ 40 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት ገመዱን ወይም ጭነቱን እይ።

ካዛንቺስ88

እኔ ግን አንድ ነገር ይረብሸኛል። ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ የሚያሳይ ትዕዛዝ) ሳደርግ መሀል ላይ ያለ አንድ ራውተር ግማሹን ፓኬት ይጥላል። ከእሱ በኋላ ያሉት ግን ሁሉንም ይመልሳሉ። መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ ልክሰስ?

ቢት_በቢት

አትክሰስ። ያ ራውተር ፓኬት ማሳለፍ ሥራው ነው፣ ለፒንግ መልስ መስጠት ግን ትርፍ ሥራው ነው። ብዙ ራውተሮች በሰከንድ የሚመልሱት የአይሲኤምፒ መጠን የተገደበ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ሁሉንም ከመለሰ መሀሉ ላይ ምንም አልጠፋም። መጥፋት ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲቀጥል ነው የሚያሳስበው።

ለገሀር_ኔት፣ ቲቲኤሏን አስታወስካት? ሶኬቱ ላይ ቲቲኤልን 1 አድርገህ ብትልክ የመጀመሪያው ራውተር ፓኬቱን ጥሎ ዓይነት 11 ይመልስልሃል። 2 ስታደርግ ሁለተኛው። የዓይነት 11 መልእክት ውስጥ የአንተ የአይፒ ሄደርና ከእሱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ 8 ባይቶች ተመልሰው ይመጣሉ። 8ቱ ባይት ደግሞ በትክክል የአይሲኤምፒ ሄደርህ ነው። መለያህንና ተራህን እዚያ ውስጥ ታገኛቸዋለህ። ስክሪፕትህ ትሬስራውት ሆነ ማለት ነው። ከሕንፃው የሚወጣውን የመጀመሪያውን የውጭ ራውተር በዚህ አግኘውና ከሎጉ ዝርዝር ውስጥ ጨምረው። የእሱ መልስና የራስህ ራውተር መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ድንበሩ የት እንደሆነ ታውቃለህ። ግን በሰከንድ ከአንድ በላይ አትላክበት፣ የሰው ዕቃ ነው።

ለገሀር_ኔት

ሠራ! የራሴ ራውተር ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች፣ ቀጥሎ ያለው የውጩ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ። ሁለቱንም ሎጉ ላይ አስገብቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይህንኑ ኮድ ለአይፒ ቨርዥን 6 ልጠቀምበት?

ቢት_በቢት

እንዳለ አይሄድም። ጥያቄው ዓይነት 128፣ መልሱ ዓይነት 129 ነው። ቼክሰሙ ውስጥ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ጭምር ይገባል። ግን አትልፋ፣ በአይሲኤምፒ ቨርዥን 6 ሮው ሶኬት ላይ ቼክሰሙን ከርነሉ ራሱ ነው የሚያሰላው፤ ቦታውን ዜሮ አድርገህ ላክ። ስታነብ ደግሞ የአይፒ ሄደሩ አብሮ አይመጣም፣ ስለዚህ የምትዘለው ነገር የለም። የመጀመሪያዋ ባይት በቀጥታ ዓይነቱ ናት። የጎረቤት ፍለጋና የራውተር ማስታወቂያ መልእክቶችም በዚያው ሶኬት ስለሚገቡ 129 ያልሆነውን ሁሉ እለፈው።